የሾላው ዳገት ታኮ

«የአየር ፊልትሮውን ዘይት ውስጥ የነከረው ማነው? ዝም አትበለኝ!»

«እኔ ነኝ። አባታችን ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየነከረ ነድቷል። አቧራ ይይዛል።»

«የአባትህ መኪና አየር የሚለካ ሴንሰር ነበራት?»

«ነዳጁ ነው አልኩዎት እኮ፣ ጋሽ ይትባረክ! ነዳጁ ውሃ ነበረበት!»

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ሰዓቱ አሁን እንደተቀመጥንበት ጨለማ አይደለም። ቀትር ነው። ጥላ እግር ስር የሚገባበት፣ ሰው ከመንገድ የሚጠፋበት ቀትር። የሚጮኹት የመንደሩ መካኒክ ጋሽ ይትባረክ ናቸው። የሚመልስላቸው ሾፌሩ መንበሩ ነው። አጠገባቸው የጭነት መኪናዋ ቆማለች። ሞተሯ ይንተፋተፋል፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል።

የተጣሉት ስለ መኪና ብቻ ይመስላችኋል?

አይደለም። ከአርባ ቀን በፊት የዚህችው መኪና ሞተር የሾላው ዳገት ላይ ጠፋና ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ረዳቱ ታኮውን፣ ጎማ ስር የሚወሸቀውን እንጨት፣ ይዞ ዘለለ። አልደረሰም፤ ጎማው ዳጠው። ረዳቱ ማን ነበር? ጌጡ፣ የመንበሩ ታናሽ ወንድም። መንበሩ ለቅሶ ላይ እናቱን ምን አላት? «ታኮውን ለማስገባት ዘግይቶ ነው» አላት። እናቱም አመነችው።

ከዚያ ወዲህ መንበሩ አላለቀሰም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ይነዳል። ምንም አይሰማውም።

ጋሽ ይትባረክ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚገባውን አየር የምትለካው ይቺ ቀጭን ሽቦ ናት። ዘይት ከለበሳት ትዋሻለች፤ ሞተሩም ይታፈናል። ሶኬቷን ንቀልና፣ ሞተሩ ውሸቷን ሳይሰማ፣ ዳገቱን ውጣ። ሳትንተፋተፍ ከወጣች ጥፋቱ የዘይቱ ነው። የጌጡ አይደለም።»

«አልነቅልም» አለ መንበሩ። ኮፈኑን ዘጋ፤ ብቻውን ነድቶ ሄደ።

ብቻውን! በቀትር! በዚያ ዳገት!

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ተንተፋተፈ። ከዚያ ከኋላ፣ ጭነት ከሚጫንበት ከካሶኒው፣ ሁለቴ ተንኳኳ። ዷ ዷ። ረዳት «ቁም» ሲል እንዴት እንደሚያንኳኳ ታውቁ የለም? እንደዚያ ነው። መንበሩ በመስታወት አየ። ማንም የለም።

ሞተሩ ጠፋ። ፍሬኑ ደነደነ፤ ቢረግጠውም አልያዘም። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አንድ ክንድ፣ ሁለት ክንድ፣ ሦስት ክንድ። ያኔ አንድ ነገር የኋላ ጎማው ስር ገባ። ቀጥ አለች።

ታኮውን ማን አስገባው?

ኮፈኑ ተከፈተ። ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሶኬት ሲነቀል የሚሰማው ድምፅ። ሞተሩ ቁልፍ ሳይዞር ተነሳ። አልተንተፋተፈም። አላጨሰም። እንደ አዲስ ሞተር ለስልሶ ይሠራል።

ኮፈኑ ሲዘጋ ከኋላው ጌጡ ቆሟል። ያው ቱታ፣ ያው በደረቱ ላይ የተቀደደው ኪስ።

መንበሩ አልፈራም። መፍራት እንዳለበት ያውቃል፤ ግን ፍርሃቱ አልመጣለትም። እጁን አየው፤ መሪውን ይዟል። የሌላ ሰው እጅ መሰለው።

ጌጡ ወደ በሩ መጣ። ጣቱን አነሳ። ጣቱ ላይ ዘይት አለ። ጣቱን በመስኮቱ መስታወት ላይ ቀስ አድርጎ ጠረገው።

«አልዘገየህም» አለ መንበሩ። «አውቃለሁ። አልዘገየህም። ለእማዬ ግን እንዴት ብዬ ልንገራት?»

ጌጡ አየው።  ጎንበስ ብሎ ታኮውን አነሳና ብብቱ ስር አደረገው። መኪናዋ አልተንሸራተተችም።

«ጌጡ፣ ወዴት ነው?»

ጌጡ ፊቱን አዞረ። ቁልቁለቱን ይዞ ወረደ፤ ወደ መንደሩ፣ ወደ እናታቸው ቤት።