በሩን ክፍት ተወው

ሌላ ሴት ብትሆን መጀመሪያ ዓይኑን ታይ ነበር፤ ወይ ፈገግታውን። ኤልቤቴል ግን ከይርጉ ላይ መጀመሪያ ያየችው በጣቱ የሚያሽከረክረውን ቁልፍ ነው። በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

«አንቺም አማካሪ ነሽ አይደል?» አላት።

«እንደዚያ ብለውኛል...»

«እኔም ነኝ። ይርጉ እባላለሁ። ጭንቀት አሞኝ ትምህርት አቋርጬ ነበር። ይሄን ስናገር ሰው ወንበሩን ያርቅብኛል፤ አንቺ ግን አላራቅሽም!»

ሳቀች። ሳቋን ራሷ ሰምታ ደነገጠች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ዶክተር ጸሐይ የምትባል ተመራማሪ ዲላ መጣች። የተጨነቁና ያዘኑ ወጣቶችን በንግግር ማከም እንዴት እንደሚሻል ልታጠና ነው። ግን ቀድማ ሕመሙን የሚያውቁ ጥቂት ወጣቶችን አማካሪዎቼ ብላ ሰበሰበችና፣ «እናንተ ያላመናችሁበትን አልጀምርም፤ ሕክምናው ምን ይምሰል?» አለቻቸው። ኤልቤቴልን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ እሷ የሚጠይቀው ወንድሟን ነበር።

ወንድሟ በዛብህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍባታል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሕመሙ የጠናባት ሰሞን ራሷን ሳታውቅ ከቤት ወጥታ ለገዳራ ወንዝ ዳር አግኝቷታል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። እናታቸው ማሚቱም ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፣ በሩን ክፈትላት ግን አትለውም። በዛብህ በየሐሙሱ ለሚደረገው የአማካሪዎች ስብሰባ የፈቀደላት ዶክተሯ ለምናው ነው።

«አንድ ቀን ብሶብሽ ብትመለሺ፣ አበቃ!» ብሏታል።

ስለዚህ ኤልቤቴል ሐሙስን በጉጉት ትጠብቅ ጀመር። ይርጉ ቆሎ ገዝቶ በኪሱ ይመጣል፤ ለሌሎቹ ጥቂት ጥቂት ያድልና የቀረውን ሁሉ እሷ እጅ ላይ ያራግፋል። ሌሎቹ ሲያሾፉባቸው እሷ ታፍራለች፣ እሱ ከእሷ ይብሳል። ወድዳው ነበር፤ ምን ይደበቃል!

አንድ ሐሙስ ወሬው ስለ ምስጢር ሆነ። ሕክምናው ዝግ ክፍል ውስጥ ይሁን ተባለና፣ እስቲ ሁለት ሰው ይሞክረው ብለው ይርጉና ኤልቤቴልን ክፍሉ ውስጥ ትተዋቸው ወጡ። ይርጉ የሆዷን በነጻነት እንድትነግረው ብሎ፣ በደግ ልቡ፣ ተነስቶ ቁልፉን አዞረው።

ቀጭ!

«ክፈት! ክፈትልኝ!» በሩን በጡጫ ደበደበችው። እሱ ደንግጦ ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። ሲከፈት አንድ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። መንገደኛው ሁሉ አያት፤ ወሬውም ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ። በዛብህ አላመነታም፤ ሐሙስም አበቃ።

እሁድ ረፋድ እናትና ወንድም ጸሎት ሲሄዱ ይርጉ ጫማዋን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ከውጭ የተቆለፈውን ጓጉንቸር ሲያይ ነገሩ ገባው። ያልነገረችው ይሄን ነበር።

«ኤልቤ... እኔ ነኝ።»

«ልትቆልፍብኝ ነው? ቀድመውሃል!»

«አላወቅኩም፤ እውነቴን ነው። ሰው እንዳይሰማሽ ብዬ ነበር።»

«እኔ እኮ ሰው ቢያየኝ ነው የምፈልገው! የሚያየኝ ሰው አጥቼ ነው የታመምኩት!»

ይርጉ ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ።

«የሆድሽን የምታወጪው የት ነው ታዲያ?»

አሰበች። «አሪቻ ገጠር... ሳልታመም ቡና ማጠቢያው ጋ ስሠራ። ቡናው ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ግራና ቀኝ ሁለት ሆነን ቆመን የተበላሸውን ፍሬ እንለቅማለን። ዓይናችን ቡናው ላይ ነው። ሁሉ ሰው ያየናል፤ ማንም ግን አይሰማንም። ለእማዬ የማልነግራትን እዚያ አውርቻለሁ።»

«ይሄንን እኮ ነው ዶክተሯ የምትፈልገው! ንገሪያት!»

«በየት ወጥቼ?»

ከይርጉ ኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። በዛብህ ነው፤ ልቡ አላርፍ ብሎት ጸሎቱን አቋርጦ መጥቷል። ይርጉ ዱላ ጠበቀ። በዛብህ ግን ያወሩትን ሰምቶ ነበርና አልፎት በሩን ከፈተ። 

ኤልቤቴል ደጃፉ ላይ ቆማ ወንድሟን አየችው። «ጋሼ፣ አሪቻ ውሰደኝ። አንተ ከእኔ ፊት ለፊት ቆመህ ልቀም።»

ወሰዳት። ቀይ ሆኖ የመጣው ቡና ታጥቦ አልጋው ላይ ተሰጥቶ ነበር። ወንድምና እህት ግራና ቀኝ ቆመው ለቀሙ፤ አብሯቸው የሄደው ይርጉ ራቅ ብሎ ጠበቃቸው። ብዙ ቆይቶ በዛብህ ቀና ሳይል፣ «ወንዝ ዳር ያገኘሁሽ ቀን የሞትኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሞተሽ ብደርስስ? ከዚያ ወዲህ ሁሌ ያ ነው የሚታየኝ።» እንባው ቡናው ላይ ጠብ አለ። እሷም ሲቆልፍባት የኖረው ፈርቶ እንደነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

የበሩን ቁልፍ በማግስቱ ለእሷ ሰጣት።

ኤልቤቴል ያየችውን በሐሙሱ ስብሰባ ራሷ ተናገረች፤ ዶክተር ጸሐይም እቅዷን ቀየረች። ሕክምናው ደጅ ሆነ፤ ሰው በሚያይበት፣ ጆሮ በማይደርስበት፣ እጅ ሥራ ይዞ። ለክረምት ዝናብ ደግሞ በሩ የማይቆለፍ ክፍል ተዘጋጀ። ኤልቤቴልም እዚያው ታከመች። ቀስ እያለች ዳነች፤ የሚከፋት ቀን ግን ነበር፤ ያኔ ይርጉ ቆሎውን ይዞ ይመጣል።

በሚቀጥለው ዓመት የለቀማ ወቅት እዚያው አሪቻ፣ አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው፣ ይርጉ ዓይኑን ከቡናው ሳይነቅል፣

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«ቀና ብለህ ጠይቀኝ!»

ቀና አለ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። «ልላክ?»

«ምን ትጠብቃለህ ታዲያ!»

በዛብህ ሽማግሌዎቹን ራሱ በር ከፍቶ አስገባ። ጥንዶቹ ዲላ አጠገብ ጪጩ ላይ ቤት ተከራዩ። ሠርገኛው ተሸኝቶ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ይርጉ ቁልፉን አወጣና መዳፏ ላይ አኖረው።

«በሩን ክፍት ልተወው?» አለ በፍርሃት።

ኤልቤቴል ቁልፉን አየችው፤ አላስፈራትም። ሄደችና በሩን ራሷ ዘጋችው፤ ከውስጥ።