እስከ አሸዋው ድረስ የመጣው መርዶ

ይሄ ፈጠራ አይደለም። ባለታሪኩ ከፍያለው ራሱ ነው የነገረኝ። ሁለታችንም የኤርፖርት ሹፌሮች ነን። ቴክሳስ፣ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ተሳፋሪ ስንጠብቅ፣ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ካላመናችሁ መብታችሁ ነው... እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ሊነጋጋ ሲል። ቦታው ደቡብ ቴክሳስ፣ ሰው የማይደርስበት የባሕር ዳርቻ፣ እሱና ሚስቱ የተከራዩት ካምፐር፣ አልጋ ያለው የጉዞ መኪና ውስጥ።

ግን ከረቡዕ ልጀምርላችሁ።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዋይሊ ከተማ፣ ቤቱ በር ላይ ወንበርና ከሰል ካምፐሩ ላይ ሲጭን ስልኩ ጮኸ። የሚስቱ የጥሩወርቅ ወንድም ነው፤ ናኦድ፣ ከደብረ ብርሃን።

"ከፍዬ... እማዬ አረፈች። ዛሬ ቀበርናት።"

ከፍያለው የያዘውን ወንበር መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ጥሩዬ ለፋሲካ የላከችላትን ነጠላ፣ ያንን አረንጓዴ ጥለት ያለውን፣ አልብሰን ነው የሸኘናት። አደራህን፣ በስልክ እንዳትሰማ። የቤተክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ቅዳሜ ንጋት ቤት መጥተው ይንገሯት።"

ወጉን ታውቁታላችሁ። መርዶ ሲነጋጋ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ በር አንኳኩቶ።

ከፍያለው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለሽማግሌው ለጋሽ መንገሻ ደወለ።

"ጋሼ፣ እ... ለእሷ ብዬ ነው። ትንሽ ትረፍ። ከጉዞ ስንመለስ ብትመጡስ?"

ለእሷ ብሎ አልነበረም። ያንን ጉዞ ስንት ጊዜ ተመኝቶታል፤ ሊቀርበት አልፈለገም። በቃ፣ ይሄው ነው።

ሐሙስ ወጡ። ገና ከቤት ሳይርቁ "ቫኬሽን ላይ ነን" ብሎ የጥሩወርቅን ስልክ አጠፋና የካምፐሩ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ቀስ እያሉ፣ ደስ ያላቸው ቦታ ፓርክ እያደረጉ፣ ባሕሩን በግራ ይዘው ወረዱ። ጥሩወርቅ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ እረፍት አታውቅም። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሰቅላ ትስቃለች። እሷ በሳቀች ቁጥር እሱ ይሸማቀቃል።

ከኋላ፣ ከአልጋው በኩል... ሰው ሳለ።

ቀስ ያለ፣ ደረቅ ሳል።

መንገዱን መንገዱን ስታይ የነበረችው ጥሩወርቅ፣ "ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" አለችው።

"አ... አዎ። ጉሮሮዬን።"

ዋሸ። ሳሉን ያውቀዋል። የአማቱ የእማማ ዓለምሸት ሳል ነው።

ዓርብ ከሰዓት አስፋልቱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ አሸዋ ብቻ። የስልክ ኔትወርክ የለም። ከፍያለው እንጨት ለቅሞ ሲመለስ ጥሩወርቅ የካምፐሩ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስልክ ታወራለች።

"ማን ነው?"

"እማዬ ናት። ድምፅዋ ጥርት ብሎ..." ፈገግ አለች። "'ባልሽ የያዘልሽን መቼ ነው የሚሰጥሽ?' አለችኝ። ምን ይዘህልኝ ነው?"

ስልኩን ተቀበላት። ጥቁር ነው። ጠፍቷል... እሱ እንዳጠፋው።

ያኔ ሊነግራት ነበር። አፉን ከፈተ።

"ሰርፕራይዝ ነው" አላት።

ይቺን ሲነግረኝ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

ቅዳሜ... ሊነጋጋ ሲል።

በሩ ተንኳኳ።

ከፍያለው መጋረጃውን ገለጥ አደረገ። አሸዋው ላይ ሰዎች ቆመዋል። አባቶች፣ እናቶች፤ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው። መኪና የለም። ነፋሱ ካምፐሩን ያወዛውዛል... የእነሱ ነጠላ ግን ንቅንቅ አይልም።

"ማን ነው?" ጥሩወርቅ ሹክ አለች።

"ማንም። ተኚ።"

"ሲያንኳኩ ሰማሁ እኮ።"

"አትክፈቺ... በእመቤቴ።"

ከፈተች።

ከፊት የቆመችው አሮጊት ቀና አለች። ነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት አለው።

ንጋት ላይ እንዲህ ተሰብስቦ የሚያንኳኳ ሰው ለምን እንደሚመጣ ጥሩወርቅ ታውቃለች። ወርዳ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

"እማዬ..." አለች። "ማን ሞቶብን ነው?"

ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ከፍያለው ዞሩ... ጠበቁት።

ተንበረከከ። መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ማን እንደሞተ። መቼ እንደሰማ። ጋሽ መንገሻን ምን ብሎ እንዳስቀራቸው። ምንም አላስቀረም።

"ፍርሃቱ በኋላ ነው የመጣው" አለኝ። "ያኔ የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነው። የት ልግባ?"

ቀና ሲል ማንም የለም። አሸዋው ላይ አንድ ዱካ የለም።

ጥሩወርቅ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። በፒጃማ ነበር የወጣችው። አሁን ግን ትከሻዋ ላይ ነጠላ ጣል ተደርጎላታል... አረንጓዴ ጥለት ያለው።

ሊያነሳላት እጁን ሰደደ። ነጠላው እርጥብ ነው።

ጠርዙ ላይ ጥቁር አፈር ተለጥፎበታል።