ለሽቦ ጥርስ የሚሆን ብሩሽ

መድኃኒት ሻጯን ቀኑ ሲመሽ እግሯ ይከዳታል። ሙሉ ቀን ቆማ የሰውን ሳልና ቁርጥማት ስትሰማ ስለምትውል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደህና ቃል ማውጣት እንኳ ይታክታታል። ድሮስ አፏን መች ትከፍታለች። በሠላሳ ዓመቷ ጥርሷን በሽቦ ያሳሰረችው፣ እጮኛዋ ለሠርጉ ፎቶ ያምርብሻል እያለ ስለወተወታት ነበር። ሰውየው ሐሳቡን ቀይሮ ሄደ፤ ሽቦው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማስክ ሳታጠልቅ ሰው ፊት አትቆምም። ምሳዋንም የምትበላው ጓዳ ገብታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

መምህሩ የመጣው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። ረዘም ያለ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ የቀረበት የሒሳብ አስተማሪ። ከንፈሩን እንደገጠመ፣ በአፍንጫው ሊናገር ምንም ሳይቀረው፣ ጠንካራ የጥርስ ብሩሽ ጠየቃት።

ለምን ጠንካራ እንደፈለገ ስትጠይቀው ሳይወድ በግዱ ሽቦውን አሳያት። ምግብ እየተሰገሰገበት አስቸግሮታል። አጥብቆ ቢፈትገው ድዱ ደማ። ይህም አልበቃ ብሎት ከዚያ የጠነከረ ፍለጋ መምጣቱ ነበር።

«ድስት እኮ አይደለም የሚፈትጉት፣ መምህር» አለችው።

ሳቀ። ወዲያው ግን አፉን በእጁ ሸፈነ። ያቺን የእጅ ሩጫ አወቀቻት።

ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ፀጉሩ ለስላሳ የሆነ ብሩሽ መረጠችለት፤ በሽቦውና በጥርሱ መሃል የምትገባ ቀጭን ብሩሽም ጨመረች። ከመደርደሪያው የፕላስቲክ መንጋጋ አውርዳ፣ ወደ ድዱ ዘንበል አድርጎ፣ ከሽቦው በላይ ከዚያም በታች፣ ሳይቸኩል እንዲቦርሽ አሳየችው። እሱ ግን ከጥርሱ ይልቅ ጣቶቿን ነበር የሚያየው።

ከዚያ በኋላ ምክንያት አላጣም። አንዱ ብሩሽ ትምህርት ቤት ቀረ፣ ሌላው ከእጁ ወደቀ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ይኼ ሰው ስንት አፍ ነው ያለው?» አሉ። እሷ መደርደሪያውን መወልወሏን ቀጠለች። ሲመሽ በሩን ማየት እንደጀመረች ግን ታዝባ በራሷ ተናዳለች። መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቀዋለች።

አንድ ምሽት ምንም ሳይገዛ ባንኮኒውን ተደግፎ ቆመ። ነገ ሽቦውን ሊያስነቅለው መወሰኑን ነገራት። ተማሪዎቹ «ሐዲዱ» ብለው ሰይመውታል፤ ወደ ሰሌዳው ሲዞር ከኋላ አንዱ የባቡር ድምፅ ያሰማል። እሱንስ ችሎት ነበር። የሰለቸው በየምግቡ መቦረሹ፣ መደበቁ፣ ብቻውን መብላቱ ነው።

«ለማን ብዬ ነው?» አላት። «ሐኪሙ ገና ነህ ይለኛል። እኔ ደከመኝ።»

እሷም ደክሟታል። «እንደፈለጉ» ብላ መዝጊያውን መሳብ ትችል ነበር። ሽቦውን ካስነቀለ ግን ብሩሽ ፍለጋ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ልታስቀረው የምትችልበት አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ ያንን ደግሞ እጮኛዋ አይቶት ሄዷል።

ከዚያ ማስኩን አወረደችው።

«ለማን እንደሆነ እኔም ጠፍቶኛል» አለች። «ጥርሱ ግን የራሴ ነው።»

ዓይኑን አላሸሸም። በማያውቀው ከተማ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው በቀስታ፣

«የላይኛውን በውስጥ በኩል እንዴት ነው የምታጸጂው? ፕላስቲኩ ላይ አልገባኝም» አላት። «እርስዎ» ማለቱን የተወው ያኔ ነው።

ጓዳው ደንበኛ አይገባበትም። እትዬ ግን ድንገት መደርደሪያውን ማስተካከል አማራቸውና ጀርባቸውን ሰጡ።

በጠባቡ መታጠቢያ ፊት ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች በመስታወቱ እየተያዩ ቦረሹ። እሷ ስትዘገይ እሱም ይዘገያል። መሃል ላይ አረፋው ከረባቱ ላይ ተንጠባጠበ። አፏን ሞልታ ሳቀች፤ መስታወቱ ተረጨ። አንዳቸውም እጃቸውን ወደ አፋቸው አልሰደዱም።

«ነገ ሐኪሙን ምን ልበለው?» አለ አፉን አብሶ።

«ሽቦውን እንዲያጠብቅልህ ንገረው።»

«ማጥበቁ እኮ ያማል።»

«ያማል» አለች፣ ብሩሹን እያጠበች። «ማኘክም አትችልም። ሾርባ ለሁለት ሰው መሥራት ግን አይታክተኝም።»