ከመሐል መንገድ የምትታየው

«ከመሐል ነው የምትታየው።»

«ከዳር ሆነህስ?»

«ከዳርማ ፎቁ ይጋርዳታል። ትንሽ ገባ ካላልክ አታገኛትም።»

ዳግማዊት ይህን የሰማችው ገና ሕፃን ሳለች፣ በአባቷ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ፣ እንቅልፍ ወስዶ ሲመልሳት ነበር። አንዱ ድምፅ የአባቷ የሕሉፍ ነው፤ የሌላውን ሰው ማንነት አታስታውስም። ለብዙ ጊዜ ስለ ጨረቃ ያወሩ ይመስላት ነበር። ከፍ ስትል ግን ገባት። ወሬው ስለ ኪዳነምሕረት ቤተ ክርስቲያን ነበር።

እነሱ ሠፈር፣ ሓድነት ውስጥ፣ መስቀለኛው መንገድ ዳርና ዳሩ ፎቅ ሲበቅልበት የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ከእግረኛ ዓይን ተሰወረ። አስፋልቱ መሐል ሲደርሱ ብቻ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ብቅ ይላል። ሳይሳለም የሚያልፍ ደግሞ የለም። ስለዚህ ሰው መኪና መሐል ቀጥ ይላል፤ ያማትባል፤ ጎንበስ ብሎ ቀና ይላል። ጥሩምባው ይጮኻል፤ ባለጥሩምባውም ራሱ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያማትባል።

ባለፈው ሳምንት ማለዳ ዳግማዊት በብስክሌቷ ቁልቁለቱን ወደ ትምህርት ቤት ትወርድ ነበር። ጉም ነበር፤ ጉሙ ውስጥ ደግሞ ወርቅማ ብርሃን። ጎማዎቿ መሬት የነኩ አልመሰላትም። ጉልላቱ ብቅ ሲል ፍሬን የምትይዝበትን ቀኝ እጇን አንሥታ አማተበች። ዓይኗን ስትመልስ ፊቷ ያለው ሁሉ ነጭ ነጠላ ሆኗል። ጎረቤታቸው አደይ ኣሰለፈች መንገዱ መሐል ጎንበስ ብለው ይሳለሙ ነበር።

ጠመዘዘች። ወደቀች። ጎማው የአደይን ቀሚስ ጫፍ ይዞ እሳቸውንም አስፋልቱ ላይ አስቀመጣቸው። አንድ ሚኒባስ በአጠገባቸው ንፋሱን ትቶ አለፈ።

«ጓለይ፣ ልጄ» አሉ አደይ ኣሰለፈች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ «ኪዳነምሕረት አሁን ማንን ነው ያተረፈችው? አንቺን ነው እኔን?»

አባቷ ሲሰማ ብስክሌቱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰረው። «ቀልብሽ የት ነበር? ያ መስቀለኛ ሰላም እስኪሆን ብስክሌት የሚባል የለም!»

ዳግማዊት ቀኑን ቆጠረች። የታዳጊ ብስክሌተኞች ቡድን ምርጫ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሳይለማመዱ መቅረብ ደግሞ ሼም ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነበር። አደይ ኣሰለፈች በማግስቱም እዚያው መሐል ላይ ቆመው ሲሳለሙ አየቻቸው።

ቅዳሜ ዕለት ቀለም ቀቢዎች መጡ። አለቃቸው ጎደፋ ገመድ ወጥሮ የደበዘዘውን የድሮ ዜብራ ይለካል።

«እዚያው ላይ ነው የምትቀቡት?» አለችው።

«ሠፈሩ ከተስማማ ጥጉ ላይ፣ ዛፉ ጋ፣ ቀቡ ተብለናል፤ እዚያ መንገዱም ጠባብ ነው፤ ለብስክሌትም ዳሩን እንለይ ነበር። ግን ባጃጆቹ አሉ። ካልተነሡ እዚሁ ነው።»

ዳግማዊት ወደ ጥጉ አየች። የጃካራንዳው አበባ በባጃጆቹ ጣሪያ ላይ ይረግፋል። ከተራው ፊት የቆመችው የአባቷ ባጃጅ ናት፤ የተራው ኃላፊም እሱ ነው። ቀስ ብላ ሄደች፤ በባጃጇና በግንዱ መሐል በጎኗ ተሹለክልካ ገባች። ቀና አለች። ጉልላቱ ከቅርንጫፉ ሥር፣ እንደ ተንሳፈፈ ነገር፣ ሙሉውን ይታያል። ከእግረኛው መንገድ ሆና!

«አባ፣ ባጃጆቹን ከዚህ አንሡዋቸው።»

ከኋላው የተሰለፈው አብዱልጀሊል ሳቀ። «ሊቀመንበር፣ ልጅህ በዛፍህ መጣች!»

«ቀልዱን ተዪ» አለ ሕሉፍ። «ይህ ጥላ ነው፤ ከቅዳሴ የሚወጣው ሰውም ቀጥ ብሎ እዚህ ነው የሚመጣው። ተነሡ ብላቸው ሕሉፍ ቦታችንን ሸጠ ነው የሚሉኝ።»

«ቀልብሽ የት ነበር ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ኪዳነምሕረት ላይ። ፍሬኑን ለቅቄ ሳማትብ ነው። አደይም ሲሳለሙ ነው። አንተስ እዚያ ስትደርስ እጅህ የት ነው?»

አብዱልጀሊል ፈጥኖ ወደ ሰማይ አየ፤ ዝናብ የሚፈልግ ይመስል።

«ሰው አትሳለም አይባልም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከመንገዱ ዳር የሚሳለምበት ቦታ ግን አለ። ና እይ።»

«እኔ እዚህ ስንት ዓመት ቆሜ...»

«ተቀምጠህ ነው እንጂ ቆመህ አይደለም። ና።»

ሕሉፍ እያጉረመረመ ወረደ። ወፍራም ስለሆነ በባጃጇና በግንዱ መሐል ለመግባት ሆዱን መሳብ ነበረበት። «አይዞህ ሊቀመንበር፣ ጾም ነው፣ ታልፋለህ!» አለ አብዱልጀሊል።

ከዚያ ሕሉፍ ቀና አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። አንዲት ወይን ጠጅ አበባ ትከሻው ላይ አረፈች፤ አላራገፋትም። እዚያ የዋለበት ዘመን ሁሉ የገዛ ባጃጁ ጣሪያ ከልሎበት ኖሯል።

የቅዳሴው ማብቂያ ደወል ተሰማ። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ከሩቅ እንደ ጉም መፍሰስ ጀመረ። ከፊት ከፊት አደይ ኣሰለፈች በዝግታ ይመጣሉ፤ አቅጣጫቸው ወደዚያው ወደ መሐሉ ነው።

ሕሉፍ ከግንዱ ሥር ወጥቶ ወደ ጎደፋ ዞረ። «ቀለሙ ተበጥብጧል?»

«የእናንተን አፍ ነው የሚጠብቀው።»

«አባ፣ ተራው እኮ ያንተ ነው» አለች ዳግማዊት ፈራ ተባ እያለች። «ሰዉ እየወጣ ነው።»

«ዐውቃለሁ፣ ጓለይ። መጀመሪያ ሄደሽ አደይን እጃቸውን ይዘሽ በዚህ በኩል አምጪያቸው። ሰኞ ብስክሌትሽን ታወጫለሽ፤ እዚህ ስትደርሺ ግን ወርደሽ ነው የምትሳለሚው።»

«እሺ።»

ሕሉፍ ባጃጇ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። አብዱልጀሊል አንገቱን አወጣ። «ሊቀመንበር፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ወፍጮ ቤቱ ጎን። ፀሐይ አለው፤ ኮፍያህን አድርግ። ሌሎቹን ደግሞ ዛሬ ከሰዓት ሰብስቤ አንድ በአንድ እለምናቸዋለሁ፤ የሚሰድበኝም ካለ እዚያው ይስደበኝ።»