የሀብተየስ ፎቶ ቤት ሰማያዊ በር

«ጅጅጋ ኖሮ በእኔ መጋረጃ ፊት ያልቆመ ሰው ካለ ትናንት የመጣ ነው» ይል ነበር አባቴ ሀብተየስ። ቢያጋንንም ብዙም አልዋሸ።

መጋረጃውን በወጣትነቱ አቡጀዲ ላይ በዘይት ቀለም የሳለው ራሱ ነው። አረንጓዴ የአትክልት ስፍራ፣ ዳክዬዎች የሚዋኙበት ኩሬ፣ ከኩሬው ወዲያ ነጭ ቤት፣ ቤቱ ላይ ሰማያዊ በር። አባቴ ዳክዬ የት አይቶ እንደሚያውቅ እግዜር ይወቅ። ሙሽሮቹ፣ የግመል ነጋዴዎቹ፣ ወታደሮቹ ግን ሁሉም ጀርባቸውን ለዚያ ኩሬ ሰጥተው «አገጭ ቀና! አትተንፍሱ!» ተብለዋል። እኔ በልጅነቴ ከበሩ ጀርባ ምን እንዳለ ስጠይቀው «ግድግዳችን ነዋ፣ ናዝሬት!» ይለኝ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ሲታመስ፣ ፎቶ ቤታችን ተዘረፈ። መጋረጃውም ተቃጠለ። እኛ ተርፈናል፣ ተመስገን። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ካሜራ አልነካም። እኔ በነጭ ግድግዳ ላይ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ እሱ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ኤቢ የመጣውም ለጉርድ ፎቶ ነው። ሸደር፣ የስደተኞች ካምፑ ውስጥ፣ ለወጣቶች ኮምፒውተር ያስተምራል። ረጅም፣ ዓይን አፋር፣ የጫማውን ተረከዝ እየረገጠ የሚሄድ ልጅ ነበር።

«ዳክዬዎቹስ?» አለኝ ባዶውን ግድግዳ እያየ።

«ተቃጠሉ።»

«በሰባት ዓመቴ እዚህ ፎቶ ተነስቻለሁ'ኮ።» ትንሽ አሰበና «እንደገና ብሠራቸውስ?» አለ።

«ሰዓሊ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም!»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥቁር፣ ትልቅ መነጽር ይዞ መጣ። ቪአር ይባላል አለኝ፤ ለካምፑ ልጆች የተሰጠ ነው። ዓይኔ ላይ ሲያደርግልኝ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆምኩ። ወደ ግራ ስዞር ባሕር፣ ወደ ላይ ቀና ስል ሰማይ። ጮህኩ።

«የአባትሽንም መጋረጃ እንዲህ አድርጌ ልሠራው እችላለሁ» አለ። «መጋረጃው'ኮ አልጠፋም። በሰው ሁሉ አልበም ውስጥ ተቆራርጦ አለ።»

አባቴ ጥግ ላይ ሆኖ ሰማን። «በዓይኔ ፊት የተቃጠለውን በመነጽር አላይም» አለና ወጣ።

እኛ ግን ፍለጋውን ጀመርን። በየቅዳሜው በባጃጅና በሚኒባስ የሰው አልበም እያስገለጥን ዞርን። ከአንዱ ሠርግ የኩሬውን ዳር፣ ከሌላው ልደት የጣሪያውን ጫፍ አገኘን። እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሰው ቆሞ አንድ ነገር ይጋርዳል። ኤቢ ሰውየውን በኮምፒውተር ያወጣውና የቀረውን ከሌላው ጋር ይገጥመዋል።

«የሰውን ዘመድ አዝማድ ሁሉ አጠፋህ'ኮ!» እለዋለሁ።

«መጨረሻ ላይ የምፈልገውን ሰው አስገባለሁ» ይለኛል፣ ፊቱን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ።

የሰማያዊው በር ደፍ ግን ከማንም አልበም አልተገኘም። አባቴ ሰውን ሁሉ የሚያቆመው በበሩ ትክክል ነበርና።

አንድ ቅዳሜ ቱሊ ጉሌድ ሄድን። ከሚኒባስ ስወርድ የቀይ ጫማዬ ማሰሪያ ተበጠሰ። ኤቢ መንገድ ላይ በርከክ ብሎ ከቦርሳው ባወጣው የኤሌክትሪክ ሽቦ አሰረልኝ። እኔ አናቱን እያየሁ ቆምኩ። ሽቦውን ከሚያስፈልገው በላይ ብዙ ጊዜ አዞረው።

የድሮ ደንበኛችን የሂርሲ እናት ቤት፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ጫማችንን ደጅ አውልቀን ገባን። ሻሂ በግመል ወተት ጠጣን፤ የሠርጋቸውን ፎቶ አሳዩን። ስንወጣ ጫማዎቻችንን አይተው ሳቁ።

«አበዮ፣ እህቴ፣ እኔ ጎን ለጎን ሳየው፣ ወላሂ፣ ባልና ሚስት መጡ ብዬ ነበር! የሰው ጫማ ደጅ ላይ አብሮ ካደረ፣ ሰውም አብሮ ነው።»

የኤቢ ጆሮዎች ቀሉ። እስከ ጅጅጋ ድረስ በመስኮት ሜዳውን ሲያይ መጣ። እኔም በሌላው መስኮት ሜዳውን አየሁ። ወድጄው ነበር። ያኔ ያልተናገርኩትን አሁን ብናገር ምን ይከብደኛል? በጣም ወድጄው ነበር። አንዲት ቃል እስኪናገር እየጠበቅኩ ያንን ዓመት ጨረስኩት።

በ2011 ሰኔ ሥራው አለቀ። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ሥራ አገኘ። በማግስቱ ሊሄድ መነጽሩን ይዞ መጣ። ፊቱ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ፊት ነበር።

«ቤቱን እይውና ምን እንደምትይ ንገሪኝ» አለ። «የምትይውን እቀበላለሁ።»

አደረግኩት። ያ አረንጓዴ፣ ያ ኩሬ፣ ያ ነጭ ቤት ከሩቅ ብልጭ አለብኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ ሳላስበው ዞርኩ። ጀርባዬን ለአትክልቱ ሰጥቼ፣ እጆቼን አጣምሬ፣ አገጬን ቀና አድርጌ ቆምኩ። በዚያ መጋረጃ ፊት ሌላ ነገር አድርጌ አላውቅማ! ፊት ለፊቴ ኤቢ የአባቴን አሮጌ ካሜራ ከነባለሦስት እግር ማቆሚያው ሠርቶ አስቀምጦልኛል። ከካሜራው ኋላ አባቴ አልነበረም። ሙሽሮቹም፣ ነጋዴዎቹም የሉም። ዕንባዬ መጣ። ሳልዞር አወለቅኩት።

«ቆንጆ ነው» አልኩት። «ግን ባዶ ነው፤ ሰው የለበትም።»

መነጽሩን ከእጄ ተቀበለ።

«ይኼ ነው መልስሽ?»

«አዎ። ምነው፣ ተቀየምክ?»

«አይ። ገባኝ።» መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ያለ መሰለኝ፤ አልዞረም።

ሄደ። አንድ ዓመት ሙሉ አብሮኝ ዞሮ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ ብዬ ተናደድኩ። ኩራት ያዘኝና አልደወልኩም። እሱም ለበዓል ለአባቴ ብቻ ይደውላል፤ አባቴ «ሰላም ብሎሻል» ይለኛል፤ እኔ «እግዜር ይስጠው» እላለሁ። በ2014 ማግባቱን ሰማሁ። ያን ቀን ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ራት አልበላሁም። እውነቱን ለመናገር አንድም ደንበኛ አልመጣም ነበር።

ባለፈው ዓመት ዐብዲዐዚዝ ወደ ፎቶ ቤቱ መጣ። ሸደር ከኤቢ ጋር ይሠራ የነበረ ነው፤ አሁን ለከተማው ወጣቶች የሥዕል ትርኢት ያዘጋጃል። የኤቢን ሥራ ከነመነጽሩ ይዞ ነበር።

«ጋሼ ሀብተየስ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አላሳየውም። አንድ ጊዜ ይዩልኝ።»

አባቴ አርጅቷል፤ እልሁም አብሮት አርጅቷል። እያጉረመረመ አደረገው። ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልቆመም። መጋረጃውን የሳለው እሱ ነዋ! አንገቱን አስግጎ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የገዛ ሥራውን ሊመረምር ቀስ እያለ ተራመደ።

«ዳክዬዋ ልክ ናት። ጣሪያው… ልክ ነው። ጎበዝ ልጅ!» ቀጥሎ ቆጣ አለ። «ይኼ ምንድነው? ናዝሬት፣ በሩ ላይ ያሉት ጫማዎች የማን ናቸው? እኔ ጫማ አልሳልኩም!»

መነጽሩን ከእጁ ነጠቅኩት። በኩሬው ዳር አልፌ እስከ ሰማያዊው በር ሄድኩ። ደፉ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ ተረከዙ የተረገጠ ቡናማ የወንድ ጫማ ነው። አንዱ ማሰሪያው በሽቦ የተጠመዘዘ ቀይ ጫማ ነው።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ደወልኩለት። አምስት ዓመት ያልደወልኩበት ስልክ ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ኤቢ፣ ጫማዎቹን ትናንት አየኋቸው።»

«ትናንት?»

«ያን ቀን ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የቆምኩት። ፎቶ ልነሳ።»

ከወዲያ አንዲት ትንሽ ልጅ «አባዬ» ስትል ሰማሁ።

«አገጭሽን ቀና አድርገሽ?» አለኝ።

«ሳልተነፍስ።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ብዙ ሳቅንና ሁለታችንም በአንድ ጊዜ አቆምን።

«ብታዪው ኖሮ ምን ትዪ ነበር?»

«እሺ እል ነበር።»

«እሺ» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ። ልጁ ደግማ ጠራችው። «ሂድላት» አልኩት።

ዐብዲዐዚዝ ከትርኢቱ በኋላ መነጽሩን እኛ ጋ ተወው። ሰው አሁን ይመጣል፤ አባቴም ካሜራውን አንስቷል። መነጽሩን ያደረገ የጅጅጋ ሰው ሁሉ፣ ሽማግሌም ሆነ ሙሽራ፣ ዞሮ አገጩን ቀና ያደርጋል። እኔ ትከሻቸውን ይዤ አዞራቸዋለሁ፤ «መጀመሪያ ኋላችሁን እዩ!»

ዐብዲዐዚዝ ጫማዎቹን ላጥፋቸው ብሎ ጠይቆ ነበር። «ተዋቸው፣ ቦታቸው ልክ ነው» ያለው አባቴ ነው።

በሩ የደረሱት «ጫማው የማን ነው?» ይሉኛል።

«የቤቱ ሰዎች ነው» እላቸዋለሁ። «ውስጥ ናቸው።»