ያልተከፈተው የሰርቨር ክፍል በር

«እናቴ፣ ልጅዎ በሥራው ላይ ይሳሳት ነበር?»

ጠያቂዋ የፖሊስ መርማሪ ናት፤ ተጠያቂዋ የሟቹ እናት። እናትየው ልጇ ቁልፍ እንደሚረሳ፣ ሸሚዙን ገልብጦ እንደሚለብስ ታውቃለች፤ ሥራውን ግን አታውቅም።

አስከሬኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ የሰርቨር ክፍል፣ በሩ ሥር ተገኘ። እሳት ሳይኖር የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ተለቆ ክፍሉን አየር አሳጥቶታል። ጋዙንና በሩን የሚያዘው ሰርቨሩ ላይ የተጫነና በኔትወርክ የሚታዘዝ አንድ የዌብ ሰርቪስ ፕሮግራም ነው፤ ጋዝ ሲለቀቅ በሩን መክፈት ሲገባው ቆለፈው። የፕሮግራሙ አዲስ ቅጂ የተጫነው በዚያው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሟቹ ስም ነበር።

«ሥራ አስኪያጁ በራሱ ስህተት ሞተ የሚል ደብዳቤ ፈርሞ ሰጠኝ» አለች እናትየው። «እኔ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል? ገዳዩን አግኚልኝ፣ ልጄ። ፊቱን ልየው።»

ባልደረቦቿ መርፌ የሚሏት መርማሪዋ የሟቹን የይለፍ ቃል የሚያውቁትን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠራች።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ገባ። «እኔ ኢሜይል ከከፈትኩ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራም መጻፍማ ከየት አምጥቼ!»

ቀጥላ የሟቹ የሥራ ጓደኛ የሆነችው ፕሮግራመር ገባች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ትጣሉ ነበር አሉ?»

«በየቀኑ ነዋ! አንዴ ቸኩዬ የሰርቨሩን አድራሻ ፕሮግራሙ ውስጥ ብጽፈው ሙሉውን አስደገመኝ። ‹ፕሮግራም የሚያድርበትን ቤት ሲደርስ ይነግሩታል እንጂ ግድግዳ ተሸክሞ አይጓዝም› ይለኝ ነበር። የእሱ ጥቅል፣ ማለት ለመጫን የተሰናዳው ፕሮግራም፣ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ሳይነካ ይነሳል።»

«ያን ጠዋት እዚያ ምን ይሠራ ነበር?»

«በማግስቱ ሁሉንም ወደ አዲሶቹ ሰርቨሮች ሊያዛውር አሮጌውን እየፈተሸ ነበር።»

አሮጌውን ሰርቨር ሃያ ዓመት የጠበቀው ቴክኒሻን ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ መለሰላት።

«ልጁ ጎበዝ ነበር?»

«ምኑ ጎበዝ! የትም ይሄዳል፣ የትም ይነሳል ሲል ነው የሚውለው። ፕሮግራም ቤቱን ማወቅ አለበት፣ የኔ እህት። ፎልደሩንም የይለፍ ቃሉንም ሆዱ ውስጥ ጽፈህለት፣ አለቀ! ሌላ አሠራር አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም።»

«ከዝውውሩ በኋላ ይህ ማሽን ምን ይሆናል?»

እጁ ቆመ። «ከውዳቂ ብረት ጋር ይጣላል። እኔም ወደ ቤቴ።»

በማግስቱ መርፌ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። እናትየውም ተቀምጣለች።

«የተጫነውን ጥቅል ከፈትነው» አለች መርፌ። «የአሮጌው ሰርቨር ፎልደርና የይለፍ ቃል ውስጡ ተጽፏል። አዲሶቹ ላይ ስናስነሳው ወዲያው ወደቀ፤ አሮጌው ላይ ብቻ ይነሳል። ሟቹ የሠራቸው አርባ ጥቅሎች አንዳቸውም እንዲህ አይደሉም። ነገ ሊያዛውር የተሰናዳ ሰው ዛሬ የማይዛወር ነገር አይሠራም። እሱ አልሠራውም።»

«እንግዲያው እሷ ናታ!» አለ ቴክኒሻኑ፣ ወደ ፕሮግራመሯ እየጠቆመ።

«እሷንማ አሠራሩን አስተምሯታል። ስሙን ከሰረቀች እጁንም አስመስላ ትሠራ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ፕሮግራም አይጽፉም። እርስዎ ግን በእሱ ስም ገብተው በራስዎ እጅ ሠሩት፤ ሌላ አያውቁማ። ዛሬ ጠዋት ባደረግነው ፍተሻ ጋዙን ልቀቅ፣ በሩን ቆልፍ የሚለው ጽሑፍ ኮምፒውተርዎ ላይ ተገኝቷል።»

ቴክኒሻኑ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። «ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ያቆምኩትን በአንድ ቀን ብረት ሊያደርገው! መውጫ ማጣት ምን እንደሆነ እሱም ይየው አልኩ።»

እናትየው ተነስታ ፊቱ ቆመች። አልጮኸችም።

«ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። «ሃያ አይበቃህም፣ አርባ ይጨምርልህ። እስር ቤት ተቆልፈህ አንድ በአንድ ቁጠረው።»

ቴክኒሻኑ በሁለት ፖሊሶች መካከል ወጣ። ደብዳቤውን የፈረመው ሥራ አስኪያጅ በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ፕሮግራመሯ ቀረች፤ ዝውውሩንም ጨረሰች።