የእናትሽን ስም ንገሪኝ

እየሩስ ስትሮጥ ነፋሱ ራሱ «እስቲ ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ» ይል ነበር። ማጋነን እንዳይመስላችሁ! እሷ በማለዳ ስታልፍ አንገቱ ያልተጣመመ ወንድ ከደብረ ማርቆስ እስከ ደጀን ቢፈለግ አይገኝም። የተጣመመውም እስከ ዛሬ አልተቃናም።

ያን ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያራግፋል። እየሩስ በሩጫ ክለቧ ሜዳ ጥግ ላይ ጫማዋን ስታስር፣ አንድ መለሎ ወጣት ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎ መጥቶ ፊቷ ተገተረ። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተና...

«የእናትሽ ስም ማነው?» አላት።

«እንዴ! ሽማግሌ ልትልክ ነው? መጀመሪያ እንደምን አደርሽ አይባልም?»

ሯጮቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጁ ከአንገቱ እስከ ጆሮው በርበሬ መሰለ።

«አይ... ለሥራ ነው። አንተነህ እባላለሁ። የክለቡን መረጃ እንድይዝ ነው የቀጠሩኝ። ኮከብ ለመቁጠር የእናት ስም ያስፈልጋል።»

«ሽታዬ ትባላለች። በል ቁጠርልኝ፣ ባል አለኝ ወይ?»

ጣቶቹን አጣጠፈ፣ ዘረጋ። ዓይኑ ግን ከፊቷ ላይ አልተነሳም።

«አሰድ ነሽ፤ እሳት።»

«ባሉስ?»

«እሱን... ገና አልደረስኩበትም።»

አንተነህ ኮከብ መቁጠሩን ከአባቱ ከደብረ ወርቁ መሪጌታ፣ ስታቲስቲክሱን ከዩኒቨርሲቲ ተምሯል። አሰልጣኙ ጋሽ ይስማው ደግሞ የሯጯንና የእናቷን ስም አስደምሮ ኮከቧን ሳያስቆጥር ማንንም ለውድድር ልኮ አያውቅም። አንተነህ የክለቡን የዓመታት ድል ሁሉ ሰብስቦ በኮምፒውተር ቢያሰላው፣ ጉድ ፈላ! ሻምፒዮን የሆኑት በሙሉ ባለ እሳት ኮከብ ናቸው። ጋሽ ይስማው ሰንጠረዡን ሲያይ ታቦት እንዳየ ሰው ቆቡን አወለቀ።

በክልሉ ሻምፒዮና በአሥር ሺህ ሜትር ክለቡ የሚያሰልፈው አንዲት ሴት ብቻ ነው። እዚያ በደንብ የሮጠችን ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ክለቦች ይወስዷታል። እየሩስ ከልጅነቷ የምትመኘው ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ሰዓቷም ኮከቧም ሰመረና ተመረጠች።

ፍቅሩም በዚያው ነደደ። እሷ ስትሮጥ እሱ በብስክሌት ይከተላታል። እሱ ዳገት ላይ ሲያለከልክ እሷ ዞራ እየሳቀች ትገፋዋለች። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ገዝተው ለሁለት ሲበሉ ያየ ሁሉ፣ ከሰርግ ድግስ የተነሱ ነበር የሚመስለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አምበር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጤፍ ማሳ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሳለ እየሩስ የጤፍ ዘለላ እየቀነጠሰች አቀረቀረች።

«ምን ሆንሽብኝ?»

«አንተነህ... አንድ ነገር ብነግርህ ለሰው ትናገራለህ?»

«ማርቆስን አልናገርም!»

«ሽታዬ አሳደገችኝ እንጂ አልወለደችኝም። የወለደችኝ ታናሽ እህቷ ናት፤ የዓለምዘርፍ። ሳታገባ ነው የወለደችኝ። አሁን አምበር ባል አግብታ ትኖራለች። ባሏ አያውቅም። ሰው ፊት... አክስቴ ነው የምላት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንተነህ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገላት።

«ከእኔ ጋር ይቀበራል» አላት።

ኧረ የት ይቀበራል! አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ይስማው ሯጮቹን ሰበሰበ።

«ለሻምፒዮናው የምትሄደው ዘቢደር ናት።»

እየሩስ ሳቀች። ቀልድ መስሏታል።

«ጋሼ፣ ዘቢደር እኮ በልምምድ ቀድማኝ አታውቅም።»

«ሰዓት ብቻውን ምን ያደርጋል? አሰድ መስለሽን ነበር። የሽታዬ ልጅ እንዳልሆንሽ ተደርሶበታል። በየዓለምዘርፍ ስም ሲቆጠር ሑት ነሽ፤ ውኃ! ውኃ አሸንፎ አያውቅም።»

ሯጮቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «የአምበሯ የዓለምዘርፍ?» ብላ አንሾካሾከች። እየሩስ ቀስ ብላ ዞረች። አንተነህ ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረ ቀረ።

«ቀና በል» አለችው።

ቀና አለ።

«አንተ ነህ?»

«እየሩስ... ጥናቱን ለፌዴሬሽኑ ላቀርብ ነው። የእናትሽ ስም በሐሰት መግባቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ደግሞ ውኃ ሆነሽ ብትሄጂ ትሸነፊያለሽ ብዬ... ላንቺው ፈርቼ ነው።»

«ለእኔ ፈርተህ?» ድምጿ ተሰበረ። «ለእኔ ፈርተህ የእናቴን ስም ሜዳ ላይ አሰጣኸው?»

«ለጋሽ ይስማው ብቻ ነው የነገርኩት...»

«ለጋሽ ይስማው መንገርና ለገበያ መንገር ምን ለየው?»

ጋሽ ይስማው እንኳ አልተቃወመም፤ እውነት ነዋ!

እየሩስ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ አሰልጣኙ ዞረች።

«ጋሼ፣ ከዚህ ክለብ ኮከቧ እሳት ያልሆነ ሴት ሻምፒዮና ሮጣ ታውቃለች?»

«እንዴት ተደርጎ! እኔ ሞኝ ነኝ የምልካት?»

«ታዲያ ቤቷ ያስቀሯት ሴት የት ሮጣ ታሸንፍልዎ?»

አንተነህ አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ሰንጠረዥ ዓይኑ ሥር ተናደ። ስንት ሌሊት የደከመበት ሒሳብ የድልን ምስጢር ሳይሆን የጋሽ ይስማውን ምርጫ ሲቆጥር መኖሩ ገባው። ግን ምን ያደርጋል? እየሩስ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ሄዳለች።

ወሬው ከሚኒባስ ቀድሞ አምበር ገባ። የዓለምዘርፍ በማግስቱ በነጠላ ተከናንባ እህቷ ቤት መጣች። ባሏ አባሯት ነበር።

«አንቺ ነሽ ያወራሽው?» አለቻት እየሩስን።

«አንድ ሰው አመንኩ...»

ሴትዮዋ ልትመታት እጇን አነሳች። እጇ ግን አየር ላይ ቆየና ልጅቷን አንገቷን አቅፋ አረፈች። ሁለቱ ተቃቅፈው ያለቀሱትን እንባ በበርሜል ቢቀበሉት የመንደሩን ጓሮ ሁሉ ባጠጣ!

ባልየው በስንት ሽማግሌ፣ በስንት ልመና ሚስቱን መለሰ። እስኪመልሳት ድረስ ግን አንተነህ በየቀኑ የሽታዬ ደጅ ቆሞ ዋለ። ሽታዬ አንድ ቀን ብቻ ብቅ አለች።

«ልጄ፣ እግርህ እንዳይዝል» አለችው። «እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ተነግሮልሃል። የቀረ የምትወስደው የለም።»

ሻምፒዮናው ደረሰ። እየሩስ ያለ ክለብ፣ በግሏ ተመዝግባ፣ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ካናቴራ ለብሳ ባሕር ዳር ገባች። ሩጫው ሲጀመር እሳት የተባለችው ዘቢደር እንደ ጭድ ቦግ ብላ ወጣች፤ ብዙም ሳትቆይ ጎኗን ይዛ ከመሙ ወረደች። እየሩስ በየዙሩ የቀደሟትን አንድ በአንድ እየለቀመች አለፈች። መጨረሻው ላይ አንዲት የሩቅ ወረዳ ልጅ በትከሻ ቀደመቻት። ሁለተኛ! ሰውየው ጋሽ ይስማው ግን አይማርም፤ «የአንደኛዋን የእናት ስም ጠይቁልኝ!» እያለ ሜዳውን ሲያተራምስ ዋለ።

ከአዲስ አበባ የመጡት አሰልጣኝ እየሩስን ሰዓቷን ብቻ ጠየቋት። ወሰዷት።

የምትሄድበት ቀን አንተነህ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጠበቃት። ከስቷል።

«ጥናቱን ስህተት ነው ብዬ ለፌዴሬሽኑ ጻፍኩ። ከክለቡም ወጣሁ» አላት። «ይቅር በይኝ፣ እየሩስ። ሽማግሌ ልላክ። እስከፈለግሽ ድረስ እጠብቅሻለሁ።»

እየሩስ አየችው። አሁንም ትወደዋለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቧ ያን ዕለት ከአውቶቡሱ ሞተር በላይ ይጮህ ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ...»

«ከእንግዲህ ግን ሆዴን ላንተ አልነግርህም፣ አንቱዬ። ብሞክርም አይወጣልኝም። ሆዷን የማትነግርህን ሴት አግብተህ ምን ታደርጋታለህ?»

አንተነህ ሻንጣዋን ተቀብሎ ለአውቶቡሱ ረዳት አቀበለላት።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። እየሩስ ዞራ አላየችም፤ ካየች እንደምትወርድ ታውቃለች። ደጀን እስኪደርሱ ድረስ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስራ አለቀሰች። ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ ገባ። ቀና ብላ ፊቷን ጠረገችና አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ነካ አደረገችው።

«መስኮቱን ይክፈቱልኝማ» አለችው። «አየር ልሳብ።»